ኒል ያንግ በማሲ ሆል 1971፦ ማን ይግዛው? በምንስ ይሰማ?

የካናዳዊው ዘፋኝ የኒል ያንግ «ሃርት ኦፍ ጎልድ» በዚህ የመድረክ ቅጂ ላይ ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ነው። የሚያጨበጭብም የሚያፏጭም የለም። ዛሬ ይህ ዘፈን በየትኛውም መድረክ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ሕዝቡን ብድግ ያደርጋል፤ ያን ምሽት ግን ከቶሮንቶ ታዳሚ የሚያውቀው አልነበረም። ስቱዲዮ የገባው በማግስቱ ወር ናሽቪል ውስጥ ነው፤ በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ደግሞ በ1972። «ላይቭ አት ማሲ ሆል 1971»ን ከሌሎች የመድረክ ቅጂዎች የሚለየው ይኸው ነው፦ ዘፋኙ የታወቀ፣ ዘፈኖቹ ግን ገና ትኩስ ናቸው። ሕዝቡ የሚያውቀውን ዜማ አብሮ ሊዘፍን ሳይሆን የማያውቀውን ሊሰማ ቁጭ ብሏል።

ቅጂው የጃንዋሪ 19 ቀን 1971 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 1963፣ የጥምቀት ዕለት መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ግን ሁሉም እንደ አውሮፓውያን ናቸው። ማሲ ሆል በ1894 የተከፈተ፣ ከ2,500 በላይ ሰው የሚይዝ የቶሮንቶ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ያንግ የተወለደው ቶሮንቶ ሲሆን በዚያ ምሽት ዕድሜው 25 ነበር። «አፍተር ዘ ጎልድ ረሽ» የተባለው አልበሙ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል፤ ስሙ ገንኗል፤ ሕዝቡም የልጁን መመለስ እንደሚያከብር ሰው ነው የተቀበለው። በዚያች አንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተጫውቷል። ባንድ ይዞ አልመጣም። የወገብ ዲስክ መንሸራተት ስለነበረበት ከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ረጅም ሰዓት መቆም አይችልም ነበር። ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አኮስቲክ ጊታር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሃርሞኒካና ግራንድ ፒያኖ፣ ሌላ ምንም የለም። ከ17ቱ ትራክ አምስቱ በፒያኖ፣ አሥራ ሁለቱ በጊታር ናቸው፤ ጠቅላላው ርዝመት ወደ 68 ደቂቃ ይጠጋል።

ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ብሪግስ ቴፑን ሰምቶ «ሳይውል ሳያድር ይውጣ» ባይ ነበር። ያንግ ግን ልቡ ቀጣዩ የስቱዲዮ አልበሙ «ሃርቨስት» ላይ ስለነበር ማሲ ሆል መደርደሪያ ላይ ቀረ። የወጣው በማርች 2007 ነው፤ ብሪግስ በ1995 አርፎ ስለነበር አላየውም። አልበሙ በካናዳ ሰንጠረዥ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ። ታዲያ ብሪግስ ልክ ነበር? በአመዛኙ፣ አዎ። «ሃርቨስት» ላይ ያለው የስቲል ጊታርና የከበሮ ድርድር የራሱ ውበት አለው፤ «ኦልድ ማን» ለምሳሌ በባንጆውና በአጃቢ ድምፆቹ ስቱዲዮ ውስጥ ይበልጥ ሞልቷል። ነገር ግን ሁለት ዘፈኖች አሉ፤ በእነሱ ላይ ማሲ ሆል «ሃርቨስት»ን ያለ ክርክር ይበልጠዋል።

የመጀመሪያው «ኤ ማን ኒድስ ኤ ሜድ» («ወንድ የቤት ሠራተኛ ያስፈልገዋል» ማለት) ነው። «ሃርቨስት» ላይ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ተቀርጿል፤ ቫዮሊኑና ደወሉ ሲግተለተል አንድ ዓይን አፋር ሰው ስለ ብቸኝነቱ የሚናገረው ነገር ይዋጣል። ብዙ ሰው ዘፈኑን የጠላውም፣ ሴትን የቤት ሠራተኛ ያደርጋል ብሎ የተቆጣውም በዚያ ቅጂ ነው። ማሲ ሆል ላይ ፒያኖ ብቻ ነው። የግራ እጁ ጥቂት ኖታ ይመታል፣ ይቆያል፤ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ ሊሰበር ይደርሳል፣ ግን አይሰበርም። በኋላ ከስቱዲዮው ቅጂ የቀረ፣ ወንድ ልጅ እንደሚፈራ የሚናገር ስንኝም እዚህ አለ፤ ያ ስንኝ ሲገባ የዘፈኑ ጉዳይ ፍርሃት እንጂ አገልጋይ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። ከዚያ ሳያቋርጥ፣ በዚያው ፒያኖ፣ ወደ «ሃርት ኦፍ ጎልድ» ይሻገራል። ሁሉም የሚያውቀው የሃርሞኒካ መግቢያ የለም፤ ምቱ ቀስ ያለ፣ ዜማው የተማጽኖ ነው። ሁለቱ በአንድ ትራክ የታሰሩ ስለሆኑ «ሃርት ኦፍ ጎልድ»ን ለብቻው በስሙ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ሰባተኛውን ትራክ ይክፈት፣ 6 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነው።

ሁለተኛው «ዜርስ ኤ ወርልድ» ነው። እሱም «ሃርቨስት» ላይ በዚያው ኦርኬስትራ ታጅቦ እንደ ፊልም ማጀቢያ አብጦ ቀርቷል። እዚህ ሦስት ደቂቃ ተኩል የሆነ የፒያኖ ዘፈን ነው፤ ትንሽ ነው፣ ልኩም ይኸው ነው።

ረጃጅሞቹ የኤሌክትሪክ ዘፈኖች ምን ሆኑ? «ካውገርል ኢን ዘ ሳንድ» በ1969ኙ አልበም ከአጃቢ ባንዱ ከክሬዚ ሆርስ ጋር አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ «ዳውን ባይ ዘ ሪቨር» ደግሞ ዘጠኝ። አብዛኛው የጊታር ጩኸትና ፍጥጫ ነው። ማሲ ሆል ላይ ሁለቱም በአራት ደቂቃ አካባቢ ያልቃሉ። ሶሎው፣ ማለትም ጊታሩ ያለ ዘፈን ለብቻው የሚጫወተው ክፍል፣ ሲወልቅ የሚቀረው ግጥምና ኮርድ ነው፤ ግጥሙ ለብቻው መቆም ይችል እንደሆነ የሚፈተነው እዚህ ነው። «ካውገርል» ቆሟል፤ እንዲያውም በዚህ ቅጂ ካሉት የጊታር ዘፈኖች ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ ዜማው ምን ያህል የተጠነቀቀ እንደሆነ በኤሌክትሪኩ ውስጥ አይሰማም ነበር። «ዳውን ባይ ዘ ሪቨር» ግን ትንሽ ይጎድለዋል። የዚያ ዘፈን ጉልበት ሁለት ኮርድ ላይ እየተመላለሱ ነገሩን ማክረር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፣ አራት ደቂቃ አይበቃም።

ካሳ ተሰማን በክራር ብቻ እየሰማ ያደገ ጆሮ ይህን አልበም ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም፦ መሣሪያው ድምፁን ይከተላል፣ ድምፁም መሣሪያውን ይጠብቃል፣ መሃል ላይ ያለው ዝምታም የዘፈኑ አካል ነው።

ስለ አዳራሹ ድምፅ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ብዙ የመድረክ ቅጂ ሲዘጋጅ ጭብጨባው ተቆርጦ ይቀነሳል ወይም ከሌላ ቦታ ይለጠፋል። እዚህ ግን ሕዝቡ የሚሰማው በአገባቡ ነው። «ጀርኒ ስሩ ዘ ፓስት» ላይ የካናዳ ስም ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ከዚያ ወዲያው ጭጭ ይላል፣ ቀጣዩ ስንኝ እንዳያመልጠው። በጸጥታው ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሩቅ ያለ ሰው ሲያስል ይሰማል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አድማጭ አልበሙን ቢተወው ይሻለዋል፤ ያ ድምፅ ከሌለ ጊታሩ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደተቀዳ ሆኖ ይደርቅ ነበር።

በዘፈኖቹ መካከል ያንግ ያወራል፤ ብዙ አይደለም፣ ቀልዱም ደረቅ ነው። «ኦልድ ማን»ን ከመጀመሩ በፊት እርሻ መግዛቱን፣ ከእርሻው ጋር አብሮ «የመጣ» ሽማግሌ ኃላፊ እንዳለ፣ ባለቤቱ ቢለዋወጥም እንዲህ ያለው ሰው ከከብቶቹ ጋር እዚያው እንደሚቀር ይናገራል። ከሁሉ የሚከብደው «ዘ ኒድል ኤንድ ዘ ዳሜጅ ደን» ፊት ያለው ንግግር ነው። ከካናዳ ወጥቶ ወደ ደቡብ ከወረደ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ሙዚቀኞችን ገና ሳይታወቁ እንዳየ፣ ደግሞም ማንም ሳያያቸው የቀሩ ጎበዞች እንዳሉ፣ ምክንያቱም ሄሮይን እንደሆነ እንደ ተራ ወሬ ይናገርና ጊታሩን ይጀምራል። የክሬዚ ሆርሱ ጊታሪስት ዳኒ ዊተን ያኔ በሕይወት ነበር፤ የሞተው በኖቬምበር 1972 ነው። «ሃርቨስት» ላይ ያለው የዚሁ ዘፈን ቅጂም የመድረክ ነው፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 1971 ሎስ አንጀለስ፣ ሮይስ ሆል ውስጥ የተቀዳ። እዚያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ንግግሩ የለም፣ ጭብጨባውም መሃል ላይ ተቆርጦ በቀጣዩ ዘፈን ይዋጣል። ከማሲ ሆሉ ጋር አከታትሎ የሰማ ሰው የትኛው ሙሉ እንደሆነ ለማንም መጠየቅ አያሻውም።

«ኦሃዮ» ደግሞ ሌላ ነው። በሜይ 4 ቀን 1970 የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተኩሶ አራት ተማሪዎችን ገደለ፤ ያንግ ግጥሙን ጽፎ በዚያው ወር ከክሮስቢ፣ ስቲልስና ናሽ ጋር ቀረጸው። ያ ቅጂ ቁጣ ነው፣ አራት ድምፅና የኤሌክትሪክ ጊታር። እዚህ ስምንት ወር አልፎታል፤ ብቻውን ሲዘፍነው ቁጣው ወርዶ ለቅሶ ሆኗል። ከ«ዘ ኒድል» ቀጥሎ መምጣቱ ደግሞ ያን የአልበሙን ክፍል ከባድ ያደርገዋል።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፍ። «ላቭ ኢን ማይንድ»ና «ጀርኒ» በ1973 «ታይም ፌድስ አዌይ» ላይ ወጥተዋል፤ «ሲ ዘ ስካይ አባውት ቱ ሬይን» በ1974 በ«ኦን ዘ ቢች» ላይ። «ባድ ፎግ ኦፍ ሎንሊነስ» ግን ይህ አልበም እስኪወጣ ድረስ በየትኛውም አልበሙ ላይ አልነበረም፤ ለምን እንደቀረ ለመረዳት ግን አይከብድም፣ የዜማው መሃል ይላላል። «ዳንስ ዳንስ ዳንስ» ላይ ርዝመቱ 5 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይላል፤ ረጅም ዘፈን የሚጠብቅ አይሞኝ፤ ዘፈኑ አጭር ነው፣ የተረፈው ሕዝቡ ተመልሶ እንዲወጣ የሚያጨበጭበው ነው። አንዴ መስማት ደስ ይላል፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ጣት ወደ «ቀጣይ» መሄዱ አይቀርም። «ሹገር ማውንቴን»ም ሆነ «አፍተር ዘ ጎልድ ረሽ» የሚለው ዘፈን በዚህ አልበም የሉም፤ እነሱን ፍለጋ የሚገዛ ሰው ያዝናል።

ጊታር ለሚጫወት ሰው አልበሙ ትምህርት ቤት ነው፤ ምክንያቱም የሚሸፍነው ሌላ መሣሪያ የለም። ሁለት ቅኝት ማወቅ ይበቃል። «ኦሃዮ» የሚጫወተው ስድስተኛውና አንደኛው ክር ሁለቱም ከኢ ወደ ዲ ወርደው ነው፤ ከወፍራሙ ሲቆጠር ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይሆናል። መቃኛ ከሌለ አራተኛውን ክር ክፍቱን እየመቱ ስድስተኛውን ከእሱ አንድ ኦክታቭ በታች፣ አንደኛውን አንድ ኦክታቭ በላይ ማስገጠም ነው። «ዶንት ሌት ኢት ብሪንግ ዩ ዳውን» ይኸው ቅኝት ሆኖ ሁሉም ክር አንድ ሙሉ ቶን ይወርዳል፦ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ክሩን አላልቶ እዚያው መተው። የላላ ክር መጠምዘዣው ላይ ያለውን ጥምጥም ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስም ቅኝቱ ይወርዳል። ከሚፈለገው ኖታ በታች አውርዶ ከዚያ ወደ ላይ እያጠበቁ መድረስ ነው መፍትሔው። ቀጭን ክር፣ ማለትም ከ0.012 ኢንች በታች የሆነ፣ እስከ ሲ ሲወርድ ፍሬቱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቀኝ እጅን ማለስለስ ወይም ወፍራም ክር መግዛት ነው። ዝቅ ያለውን ለማግኘት የሚያስቸግር ከሆነ አለማውረድና ከፍ ባለው ቅኝት መጫወት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ከቅጂው ጋር አይገጥምም፣ ለዘፋኙም ድምፁ ይወጣበታል።

«ዘ ኒድል» በመደበኛው ቅኝት ነው። ምስጢሩ ባሱ ነው፦ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ቢ ፍላት እያለ በየደረጃው ይወርዳል፣ ላይኛዎቹ ክሮች ግን ብዙም አይንቀሳቀሱም። ጀማሪ ስድስቱንም ክር እኩል ይመታና ባሱን ያጠፋዋል። በፕሌክትረም (በክር መምቻው) ባሱን ብቻ መምታት፣ ከዚያ ላይኛዎቹን ሦስት ክሮች በስሱ መንካት ነው። ማሲ ሆል ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል፣ በተለይ በጆሮ ማዳመጫ፤ የባሱ ኖታ ጎላ ብሎ ይቀድማል፣ የቀረው ይከተለዋል።

አሁን ወደ ግዢው። አልበሙ በሲዲ፣ በሲዲና ዲቪዲ ጥምር፣ በሁለት ሸክላ፣ እንዲሁም በስትሪሚንግ ይገኛል። ዲቪዲው ላይ ድምፁ በ24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ ነው፤ ከተራው ሲዲ የተሻለ ጥራት ነው፣ ጥምሩን የመግዛት ምክንያቱም ይህ ነው። ለምስሉ ግን አይገዛ። ምስሉ የማሲ ሆል አይደለም፤ ከሦስት ቀን በኋላ በኮኔቲከት፣ ስትራትፎርድ በሚገኘው የሼክስፒር ቲያትር የተቀረጸ ነው። ምስልና ድምፅ ከተለያየ ምሽት ሲገናኙ ጣቱን እያዩ ኮርድ ለመያዝ የሚሞክር ተማሪ ይደናገራል። ያ የስትራትፎርድ ምሽት በ2021 «ያንግ ሼክስፒር» ተብሎ ከራሱ ድምፅ ጋር ወጥቷል፤ ጣት ለማየት እሱን መግዛት ይሻላል።

ሸክላውን በተመለከተ ትንሽ ጥንቃቄ ያሻል። እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ቅጂ የአቧራንና የጭረትን ድምፅ አይሸፍንም፤ በሮክ ሸክላ ላይ የማይሰማ ቅጥቅጥ እዚህ በየስንኙ መሃል ይሰማል። ያገለገለ ከተገዛ በመብራት አዘንብሎ ገጹን ማየት፣ ከተቻለም «ሄልፕለስ»ን ወይም የፒያኖ ትራኮቹን ማስሞከር ነው፤ ፒያኖ ረጅም ኖታ ሲይዝ ሸክላው ትንሽ እንኳ ቢወላገድ ወይም መሃል ቀዳዳው ቢዛነፍ ድምፁ ይዋልላል፣ በጊታር ግን ብዙም አይታወቅም። ቶሮንቶ ወይም ዋሺንግተን ዘመድ ያለው ሰው ሸክላ በሻንጣ ሲያስመጣ በቁም እንጂ በጠፍጣፋ እንዳይጫን ይንገር። ለአብዛኛው ሰው ግን ለዚህ አልበም ሲዲው ከሸክላው ይበልጣል።

በስልክ የሚሰማ ሰው የዳታ ሂሳቡን ይያዝ። በ320 ኪሎቢት በሰከንድ አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ሙሉ አልበሙ ወደ 165 ሜጋባይት ነው። በሲዲ ጥራት፣ ያለ መጭመቅ፣ ወደ 720 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ኪሳራ በሌለው መጭመቂያ ከዚያ በብዙ ይቀንሳል። በ24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ያልተጨመቀው ደግሞ ወደ 4.7 ጊጋባይት ነው፤ በሞባይል ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም። በብሉቱዝ ማዳመጫ የሚሰማ ከሆነ ለዚያ መክፈል ከንቱ ነው፣ ብሉቱዙ ራሱ ድምፁን እንደገና ይጨምቀዋል። ባለ ሽቦ ማዳመጫ ካለ የሲዲ ጥራት ይበቃል፤ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ማውረድና ከዚያ መስማት። ያንግ በጃንዋሪ 2022 ሙዚቃውን ከስፖቲፋይ አንስቶ በማርች 2024 ስለመለሰ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ዝርዝሮች ላይ ዘፈኖቹ ጠፍተው ሊሆን ይችላል፤ አልበሙን ዳግም ፈልጎ መጨመር ነው።

ሦስት ማስተካከያዎች ግን ሳይነኩ መቅረት የለባቸውም። የመጀመሪያው ማቀላቀል ነው፤ ክሮስፌድ የሚባለው ከበራ የአንዱ ጭብጨባ በሌላው ንግግር ላይ ይወጣል፣ «ዘ ኒድል» ፊት ያለው ንግግር በተለይ ይበላሻል፤ ዜሮ ይደረግ። ሁለተኛው የዘፈኖቹን የድምፅ መጠን እኩል የሚያደርገው አማራጭ ነው። ዘፈን በዘፈን እንዲያስተካክል ከተተወ ጸጥተኛውን ፒያኖ ያጮሃል፣ ጊታሩን ያሳንሳል፤ በአልበም ደረጃ ወይም ጨርሶ ይጥፋ። ሦስተኛው ባስ ማጉያ ነው። የጊታር ወፍራም ክር ወደ 82 ኸርዝ ነው፤ እስከ ሲ ሲወርድ 65 ይደርሳል። ባሱ ሲጎላ ያ ክር እየጎረበጠ የዘፋኙን የደረት ድምፅ ይሸፍነዋል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ያን ባስ ከነጭራሹ አያወጣም፤ «ኦሃዮ» በስልክ ማጉያ ሲሰማ ግማሽ ጊታር ነው። ሚኒባስ ውስጥም አይመከርም፤ የሞተሩ ድምፅ የሚበላው ልክ ይህን ክልል ነው። ድምፁን ደግሞ በመዝፈኑ ልክ ማስተካከል እንጂ በጭብጨባው ልክ አይደለም፤ በጭብጨባው ልክ ያስተካከለ ሰው «ሄልፕለስ» ላይ ሲደርስ ምንም አይሰማም። ሸፍል ማድረግም፣ ማለትም የዘፈኖቹን ተራ ማዘበራረቅ፣ አይገባም። ከጊታር ወደ ፒያኖ የሚደረገው መመላለስ ተራ አይደለም፤ ጊታሩ ላይ ጆሮ ሊሰለች ሲል ፒያኖው ይመጣል፣ ተመልሶም ጊታሩ አዲስ ይሆናል።

ይህን ወደውት ለመቀጠል የሚፈልጉ አማራጭ አላቸው፣ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። «ላይቭ አት ዘ ሴላር ዶር» በ2013 የወጣ፣ በ1970 ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር መጀመሪያ ዋሺንግተን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክበብ የተቀዳ ነው። ክፍሉ ስለሚጠብ ድምፁ ይቀርባል፣ «ሲናመን ገርል»ንም በፒያኖ ሲጫወት ይሰማል፤ ለፒያኖው ከማሲ ሆል ቀጥሎ የሚገዛው ይህ ነው። «ካርኔጊ ሆል 1970» 23 ዘፈን ስላለው ረጅሙ ነው፤ ያንግ ግን እዚያ ትንሽ ይፈራል፣ አዳራሹም ይበርዳል። «ያንግ ሼክስፒር» 12 ዘፈን ብቻ ነው፣ ግን ምስል ያለው እሱ ነው። «ካንተርበሪ ሃውስ 1968» የልጅነቱ ነው፤ ወሬው ከዘፈኑ ይበዛል፤ ቀድሞ አድናቂ ለሆነ ሰው እንጂ ለአዲስ አድማጭ አይሆንም። ከሁሉም ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው ማሲ ሆልን በሲዲ፣ ሴላር ዶርን በዲጂታል ይውሰድ። ከሁለተኛ እጅ ሻጭ ማሲ ሆልን ሲገዛ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ዲቪዲ የሚል ካለ ሁለቱም ዲስኮች ውስጥ መኖራቸውን ከፍቶ ያረጋግጥ፤ ሲዲው ብቻ ቀርቶ ዋጋው የጥምሩ የሆነ ማሸጊያ ይገጥማልና።